የቆዳው ትራፊና የሻጋታው ጥበብ

ጫማ የሚገዛ ሰው በዋጋው ይከራከራል፣ ስፌቱን ይመረምራል፣ ገልብጦም ያሸተዋል፤ ነገር ግን ጫማው የተቆረጠበት ቆዳ ከከብቱ ገላ ተገፎ ወደ ፋብሪካ በገባ ጊዜ ምን ያህል ይመዝን እንደ ነበረ፣ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ለጫማነት እንደ በቃና ምን ያህሉ የት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። የሙያው ሊቃውንት ተቀብለውት በኖሩት ስሌት መሠረት፣ በጨው የተጠበቀ 1 ሺህ ኪሎ ግራም ጥሬ ቆዳ ወደ ፋብሪካ ቢገባ፣ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው 200 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከቀረው ውስጥ ውሃውና ጨው ቢቀነስ እንኳ፣ የሥጋ ፍቅፋቂው፣ የጠርዝ ቁርጥራጩ፣ የጠጉር ብጥስጣሹና ክሮም የሚባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል የነካው ብናኝ በአንድነት ሲመዘኑ ከቆዳው ይበልጣሉ፤ ቆዳው የታጠበበትም ውሃ በአሥር ሺህ ሊትሮች እየተቆጠረ በቦዩ ይወርዳል። ስለዚህ ቆዳ ፋብሪካ የምንለው ቤት፣ ስሙን ትተን ሚዛኑን ብናምን፣ ከቆዳ ይልቅ ትራፊ የሚያመርት ቤት ሆኖ ይገኛል።

ይህ ትራፊ በባሕርዩ ሀብት ስለ መሆኑ፣ ሀብትነቱንም ሻጋታ በሚያመነጨው ኢንዛይም በሚባል ረቂቅ መሣሪያ አማካይነት መልሶ ማውጣት ስለ መቻሉ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች ካረጋገጡ ዘመናት አልፈዋል። በመሆኑም ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ክርክር ላይ ቀለም ማፍሰስ አልሻም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ይኸውም ኢንዛይሙ ከመገዛቱም ሆነ በአገር ውስጥ ከመመረቱ አስቀድሞ፣ ክሮም የነካውን ትራፊ ክሮም ካልነካው ለይቶ የማስቀመጡ ሥርዓት በየፋብሪካው ወለል ላይ በሕግ ካልተተከለ፣ የሻጋታው ጥበብ እንደ ብዙ መልካም ጥበባት ሁሉ በመደርደሪያ ላይ የሚቀር፣ ወይም ከዚያ በከፋ መንገድ መርዝን በጥቅም ስም የሚያከፋፍል ይሆናል ማለቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ቆዳ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማየት ያሻል። ውሃው፣ ስቡና ጠጉሩ ከወጣለት በኋላ የከብት ቆዳ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ይህም ፕሮቲን ሦስት ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተገምደው የቆሙበት ሕንጻ በመሆኑ፣ ግምዱ ሳይፈታ እስካለ ድረስ ተራ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ሊደፍረው አይችልም። ቆዳ ፋቂዎች ከጥንት ጀምሮ በቆዳው ላይ ብስባሽን እያሠለጠኑ፣ ጠጉሩ ሲለቅ ቆዳው ግን ሳይበላሽ የሚቀርላቸው በዚህ ምክንያት ነበር። ጥሬው ቆዳ በውሃ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ 60 ዲግሪን እያለፈ ሲሄድ ግን ግምዱ ይፈታል፤ የተፈታው ኮላጅን ጄላቲን ይባላል፤ ጄላቲንም የመድኃኒት እንክብል ቅርፊት፣ የእንጨት ሠራተኛ ማጣበቂያ፣ የፎቶግራፍ ፊልም ሽፋንና የከረሜላ ማርጊያ ሆኖ በዓለም ገበያ የሚሸጥ የታወቀ ዕቃ ነው። ከቆዳው ሥር የሚፋቀው ሥጋ መሰል ትራፊ ደግሞ ፕሮቲንና ስብ የተቀላቀሉበት ነው፤ ጠጉሩም ድኝ የበዛበት ኬራቲን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው። እነዚህ ሁሉ የሚበሉ ናቸው፤ የሚበላቸውን ማወቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሻጋታ አፍም ሆድም የሌለው ፍጥረት ነው። ምግቡን ወደ ውስጡ አስገብቶ አይፈጨውም፤ ይልቁንስ ከቀጫጭን ክሮቹ ጫፍ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ያፈስሳል፣ እነርሱም በዙሪያው ያለውን ስታርች፣ ፕሮቲንና ስብ ይበጣጥሳሉ፣ እርሱም የተበጣጠሰውን ይመጥጣል። ለኢንዱስትሪ ሰው የሻጋታ ዋጋ ያለው በዚህ ባሕርዩ ላይ ነው፤ የሚፈለገው መሣሪያ ከፍጥረቱ ውጭ ፈስሶ ስለሚገኝ፣ ሕዋሱን መስበርና ማድቀቅ ሳያስፈልግ በውሃ አጥቦና አጥልሎ መውሰድ ይቻላልና። ኢንዛይም የሚለው ስም ለአንባቢ ባዕድ ቢመስለውም ሥራው ግን ለማንኛዋም የጠላ ጠማቂ የታወቀ ነው፤ ገብሱን አብቅላ፣ አድርቃና ፈጭታ ወደ እንስራው የምትጨምረው ብቅል፣ እህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በውስጡ ባለው ኢንዛይም ነው፤ ልዩነቱ የብቅሉ ኢንዛይም የገብሱ የራሱ ሲሆን እኛ የምንናገርለት የሻጋታው መሆኑ ብቻ ነው።

ይህንን ልዩነት በገበያ ላይ ወደ ጥቅም የለወጠው ጆኪቺ ታካሚኔ የተባለ የጃፓን ኬሚስት ነበር። ሰውየው በአገሩ ሩዝና አኩሪ አተር ለማብላላት የሚያገለግለውን አስፐርጂለስ ኦሪዜ የተባለ ሻጋታ ወደ አሜሪካ ወስዶ፣ በዚያ ርካሽ ሆኖ ባገኘው የስንዴ ፉርሽካ ላይ አሳደገው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የፈጠራ መብትም በአሜሪካ ለደቂቃን ሕያዋን ኢንዛይም ከተሰጡት መብቶች የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ፉርሽካው እንዳይዘነጋ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

የቆዳ ሥራ ደግሞ ኢንዛይምን የተቀበለው ከብዙ ኢንዱስትሪ ቀድሞ ነው። በአውሮጳ ቆዳ ፋቂዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ቆዳው እንዲለሰልስላቸው ጠጉሩ ከሚገፈፍበት ኖራ ካወጡት በኋላ የውሻና የርግብ ኩስ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር፤ ይህንን ማንበቡ እንኳ ያስጸይፋል፤ ሥራው ግን በዚያ ቆሻሻ ውስጥ የነበሩት ኢንዛይሞች ሥራ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም በ1907 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ሲያቋቁም፣ የውሻውን ኩስ ትቶ ከእንስሳ ጣፊያ አጠገብ ከሚገኘው ቆሽት በወጣ ኢንዛይም የሚሠራ ኦሮፖን የተባለ ማለስለሻ ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ የዓለም ቆዳ ፋብሪካ ሁሉ ተከተለው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የፋብሪካ ባለቤት ኢንዛይም አዲስና ያልተፈተነ ነገር ነው ብሎ ቢያመካኝ፣ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን የማለስለሻ ከረጢት አልተመለከተም ማለት ነው።

አሁን ወደ ትራፊው እንግባ። በፋብሪካው መጀመሪያ ክፍል ጠጉሩን ለመግፈፍ የሚያገለግሉት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ናቸው። እነርሱ ጠጉሩን ነቅለው አያወጡትም፤ አቅልጠው ወደ ውሃው ይጨምሩታል፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከሚሸከመው ብክለት ትልቁን ድርሻ የሚያመጣውም ይህ ክፍል ነው። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ በኋለኛው ክፍል ካለው አሲድ ጋር በአንድ ቦይ ሲገናኝ ደግሞ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ይነሣል፤ ይህ ጋዝ በልዩ ልዩ አገሮች ጉድጓድ ለማጽዳት የገቡ ሠራተኞችን ገድሏል። የሙያው ሰዎች ሁለቱ ውሃዎች እንዳይገናኙ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ለዚህ ነው፤ እንግዲህ መለየት የሚባለው ሥርዓት ለዚህ ሙያ እንግዳ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም በሰልፋይዱ ፈንታ ወይም ከተቀነሰ ሰልፋይድ ጋር ሲገባ ግን፣ የሚበላው በጠጉሩ ሥር ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ክፍል ነው፤ ጠጉሩ ሳይቀልጥ ሙሉውን ይለቃል፣ በወንፊትም ይጠለላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፤ ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ከቆየ ወይም ከበዛ የቆዳውን የፊት ገጽ ይነካል። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ሌጦ በዓለም ስም ያገኙት በፊት ገጻቸው ጥራት ስለሆነ፣ እከክ የሚባለው የቆዳ በሽታ እንደ ልቡ ያበላሸውን ሌጦ የኢንዛይም መዘንጋት ደግሞ እንዲጨርሰው አይፈቀድም፤ ሰዓቱን፣ ሙቀቱንና መጠኑን የሚቆጣጠር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

የሥጋ ፍቅፋቂው ከሁሉም ይልቅ ቀላሉና ትርፋማው መነሻ ይመስለኛል። ክሮም ገና አልነካውም። ላይፔዝ የተባለው ስብ ቆራጭ ኢንዛይም፣ ለምሳሌ ሪዞፐስ ከሚባለው የሻጋታ ወገን የሚገኘው፣ ስቡን ለሳሙናና ለነዳጅ ወደሚሆኑ አሲዶች ይለውጠዋል፤ ፕሮቲዬዝ የተባለው ደግሞ ፕሮቲኑን ወደ ፈሳሽ ይፈታዋል፤ ፈሳሹ ደርቆ ለማዳበሪያ፣ ጥራቱ ከተመረመረም ለእንስሳት መኖ ይሆናል። ጄላቲን የሚፈለግ እንደ ሆነ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ በጊዜው በሙቀት መገታት አለበት፤ አለዚያ ሰንሰለቱን አሳጥሮ አሳጥሮ ማጣበቅ የማይችል ቀጭን ውሃ አድርጎት ያርፋል። ይህን ትንሽ ነገር የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንዱ ትራፊ ማጣበቂያም ማዳበሪያም ማውጣት የሚቻለው ሰዓትን በማወቅ ነውና፣ የሚሸጠው ዕቃ ማን እንደሚገዛው ሳይታወቅ ሥራው መጀመር የለበትም።

ወደ ክሮሙ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ክሮም ለቆዳ ማልፊያነት የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው፤ በ1884 እ.ኤ.አ. አውግስጦስ ሹልትዝ በአሜሪካ የሁለት ዙር መንገዱን አስመዘገበ፣ በ1893 ደግሞ ማርቲን ዴኒስ በአንድ ዙር የሚፈጸመውን አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ከሚለፋው ቆዳ እጅግ የሚበዛው የሚለፋው በክሮም ነው። ምክንያቱም ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ ላይ ሲኮማተር፣ በክሮም የለፋው የፈላ ውሃን ይችላል። ክሮሙ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ አሥሯቸዋልና። ስለዚህም ቆዳው እኩል ውፍረት እንዲኖረው ሲላግ የሚወድቀው ሰማያዊ ብናኝ ብዙው ንጹሕ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ፣ ሻጋታ ቢወርድበት እንኳ ደፍሮ የማይበላው የታሰረ ሀብት ነው። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በፊላዴልፊያ አጠገብ ባለው የምሥራቅ ምርምር ማዕከሉ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳየው መንገድ ይህንን እስራት ይፈታል፤ ብናኙ በመጀመሪያ ማግኒዚየም ኦክሳይድን በመሰለ አልካሊ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይበሰላል፣ ከዚያም ጄላቲኑ ይወሰዳል፤ የቀረው በኢንዛይም ይፈታና ፕሮቲኑ በፈሳሽ፣ ክሮሙ በጭቃ መልክ ይለያያሉ፤ ጭቃውም በሰልፈሪክ አሲድ ቀልጦ ወደ ማልፊያው ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ሻጋታው ጥቂት እውነት መናገር ይገባኛል፤ ዝም ብሎ ማሞገስ ለሚወዱት ነገር ክፉ ጥብቅና ነውና። ያ የአሜሪካ መንገድ በይበልጥ የተመረኮዘው በባክቴሪያ ፕሮቲዬዝ ላይ እንጂ በሻጋታ ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ክሮሙ በጭቃው ውስጥ እንዲቀር ውሃው አልካሊ ሆኖ መቆየት አለበት፣ አብዛኛው የሻጋታ ፕሮቲዬዝ ደግሞ የሚስማማው ከአሲድ እስከ መካከለኛ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። አልካሊን የሚችሉ የሻጋታ ዘሮች ቢገኙም፣ ሻጋታ ኃይሉ የሚታየው በሥጋ ፍቅፋቂው፣ በስቡና በጠጉሩ ላይ፣ እንዲሁም እንጨት የሚያበሰብሱት ሻጋታዎች በሚያመነጩት ላኬዝ አማካይነት የቀለም ፍሳሽን በማጥራቱ ላይ ነው። ስለዚህ በሻጋታ ኢንዛይም ልንጀምር የሚገባን ክሮም ባልነካው ትራፊ ነው የምለው ክሮሙን ስለ ፈራሁ ብቻ አይደለም፤ የሻጋታው ባሕርይ ራሱ ወደዚያው ስለሚመራን ነው።

ክሮሙን መፍራትስ? እርሱም ምክንያት አለው። በማልፊያው ውስጥ ያለው ሦስተኛው ዓይነት ክሮም እምብዛም አደገኛ አይደለም፤ ነገር ግን ትራፊው ሲቃጠል ወይም በማይመች ሁኔታ ሲከማች ወደ ስድስተኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፣ ያም ነቀርሳ አምጪ ነው። ከዚህም በላይ የሰው ስስት የሚሠራውን ማስታወስ ይገባል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ ሐዛሪባግ በሚባለው ሠፈር የነበሩት ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጥሉትን ክሮም ያለበት ብናኝ ነጋዴዎች እየሰበሰቡ፣ ቀቅለውና አድርቀው የዶሮና የዓሣ መኖ አድርገው ሸጡት፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስኪከለክል ድረስ፣ ከከለከለም በኋላ ድርጊቱ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ክሮሙ በዶሮው ሥጋና በእንቁላሉ እየተመዘነ ወደ ሰው ማዕድ ይገባ ነበር። ከትራፊ እሴት ማውጣት የሚባለው መልካም ቃል ሥርዓት ሳይቀድመው ሲቀር የሚወልደው ይህን ነው። ክሮም የነካውና ያልነካው ትራፊ በአንድ ክምር ላይ ከተገናኙ በኋላ በዓይን ለይቶ መልቀም አይቻልም፤ ኢንዛይሙም ፕሮቲኑን እንጂ ንጽሕናውን አይመርጥም።

በእኛ አገር ደግሞ ጉዳዩን የሚያከብደው የወንዛችን ጠባይ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የተተከሉት በሞጆና በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው፤ የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፣ ቆቃም በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ግድብ ያቆመው የአዋሽ ውሃ ነው፤ አዋሽም ወንጂንና መተሐራን አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በጅቡቲ ጠረፍ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚያው በምድራችን የሚያርፍ ወንዝ ነው፤ ዓባይ የወሰደውን ቆሻሻ ሌላ አገር ቢያማርርበት፣ አዋሽ የተሸከመውን ክሮም ግን የሚያጠጣው ለእኛው አገዳ፣ ለእኛው ጥጥ፣ ለእኛው ግመል ነው።

መንግሥት በዚህ ነገር ላይ ከሌላው ይበልጥ ዕዳ አለበት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ጥሬ ቆዳና ሌጦ እንዲሁም በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ደነገገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ክረስት የሚባለው፣ ለፍቶ የደረቀ ግን ገና ያላለቀለት ቆዳ በዚሁ ቀረጥ ውስጥ ገባ። ዓላማው ቆዳው ባለበት አገር እንዲያልቅና እሴቱ በአገር እንዲቀር ነበር፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን በክሮም የለፋው ሰማያዊው ቆዳ ሳይላግ ወደ ጣልያን ወይም ወደ ቻይና ይላክ በነበረበት ጊዜ፣ ክሮም ያለበት ብናኝ የሚወድቀው በእነርሱ ወለል ላይ ነበር፤ አዋጁ ሥራውን ወደ አገር ሲመልስ ብናኙንም አብሮ መለሰው። በ1 ሺህ ኪሎው ውስጥ ያለውን 200 ኪሎ ያሰበ ሕግ፣ ስለ ቀሪው በእኩል ጥንቃቄ ማሰብ ነበረበት። በሕግ የመጣ ትራፊ በሕግ ሊስተናገድ ይገባዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እየተዘጉ፣ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከመውረዱ የተነሣ በየበዓሉ ማግሥት የበግና የፍየል ሌጦ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ተጥሎ እየታየ፣ ስለ ፍቅፋቂ መጨነቅ ቅንጦት ነው ይባላል። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። የፋብሪካው ባለቤት ትርፉን የሚያጣው በቆዳው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከውጭ በውድ ምንዛሪ በሚገዛው ኬሚካል፣ በማጣሪያው ወጪ፣ ትራፊውን ለማስጣል ለመኪና በሚከፍለው ገንዘብም ነው። የአውሮጳ ጫማ ሠሪም ቆዳውን ሲገዛ ፋብሪካው ፍሳሹን እንዴት እንደሚያስወግድ መጠየቅ ጀምሯል። ትራፊውን በሥርዓት የያዘ ፋብሪካ ቆዳውን መሸጥ ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም። ደግሞም ለቆሻሻው ያለን ንቀት ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ካዘዙባቸው ስድቦች አንዱ ፋቂ የሚለው ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍቱን በብራና ላይ የጻፈ፣ ዳዊቱን በማኅደር ያንጠለጠለ፣ እህሉን በአቁማዳ የጫነ፣ በጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሕዝብ ቆዳውን እያከበረ ፋቂውን ሲንቅ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ዛሬም ስለ ቆዳ ስንወያይ ስለ ጫማና ስለ ምንዛሪ እንጂ ከፋብሪካው ጓሮ ስላለው ክምር መናገር የሚያሳፍረን የዚሁ ርዝራዥ ይመስለኛል።

ከላይ ያስቀመጥኩትን ፉርሽካ አሁን ላንሣ። ኢንዛይም ከውጭ እየገዛን ትራፊን ለማከም ብንነሣ ሒሳቡ አይዘልቅም፤ ነገር ግን ሻጋታ በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ካልሆነ አይበቅልም የሚል ሕግ የለም። እርጥብ ፉርሽካ በሣህን ላይ ተነጥፎ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ሲበርድ ዘር ይዘራበታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክሩ ያለብሰዋል፤ በውሃ ሲታጠብ የሚወርደው ፈሳሽ ኢንዛይሙን ይዟል። በአዳማና በሞጆ አካባቢ የዱቄት ፋብሪካ አለ፣ ፉርሽካም አለ፤ የቡና መፈልፈያው ገለባ፣ የኑግ መጭመቂያው ፋጉሎ አለ። እስያ ይህን መንገድ ለሺህ ዓመታት ለምግብ ስትጠቀምበት ኖራለች። ይሁንና የዘሩ ምርጫ ለማንም የሚተው አይደለም። አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባለው ሻጋታ ፕሮቲዬዝ በብዛት ያመነጫል ተብሎ በብዙ የምርምር ጽሑፍ ይወደሳል፤ እርሱ ግን ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ተርኪ የሚባሉ ዶሮዎችን በለውዝ መኖ በኩል የገደለ፣ በእኛም አገር ከኑግ ፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት እየተሻገረ የተገኘ መርዝ ነው። ለዚህ ሥራ የሚገባው የእርሱ ለማዳ ዘመድ የሆነው አስፐርጂለስ ኦሪዜ፣ ወይም ሎሚ አሲድ ለማምረት ከመቶ ዓመት በላይ በኢንዱስትሪ የተፈተነው አስፐርጂለስ ናይጀር ነው፤ ለናይጀርም ቢሆን መርዝ አለማውጣቱ የተመረመረ ዘር መመረጥ አለበት። በላብራቶሪ ያልተመረመረ ዘር ይዞ ወደ ሞጆ የሚመጣ ተመራማሪ፣ ድግሪው ምንም ቢሆን፣ በር ላይ መመለስ አለበት።

ይህን የሚያስተባብር ተቋም አገሪቱ አላጣችም። የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ የቆየውና ኋላ በአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ሥር የተጠቃለለው ማዕከል በአዲስ አበባ አለ፤ በ1948 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በቼናይ ከተቋቋመው የማዕከላዊ ቆዳ ምርምር ኢንስቲትዩት ጋርም ለዓመታት በጥምረት ሠርቷል፤ ያ ኢንስቲትዩት ደግሞ በኢንዛይም ጉዳይ ከዓለም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ፋብሪካዎቹን በአንድ ስፍራ ይሰበስባል ስለተባለው የሞጆ የቆዳ ከተማ፣ ስለ ጋራ የፍሳሽ ማጣሪያውም ለረጅም ጊዜ ሲወራ ኖሯል። የጋራ ማጣሪያ መልካም ነው፤ ግን የሁሉንም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከሰበሰቡ በኋላ ማጣራት፣ ቀድሞ ያልቀላቀለ ሰው የማይከፍለውን ወጪ መክፈል ነው። ስለዚህ ከጋራው ማጣሪያ በፊት እንዲወጣ የምጠይቀው መመሪያ አጭር ነው፤ በእያንዳንዱ ፋብሪካ የሥጋ ፍቅፋቂው፣ ጠጉሩና ክሮም ያልነካው ቁርጥራጭ በአንድ ወገን፣ ክሮም የነካው ብናኝና ቁርጥራጭ በሌላ ወገን እንዲከማቹ፣ ክብደታቸው በየወሩ እንዲመዘገብ፣ ክሮም የነካው ለማንም ነጋዴ ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ፣ ተላልፎ የተገኘም እንዲቀጣ። ይህ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የውጭ ባለሙያም አይጠብቅም።

የሻጋታው ሥራ ከዚያ በኋላ ከአንድ ፋብሪካ ጓሮ ይጀመር። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ባለቤት ቢገኝ፣ ማዕከሉ ዘሩንና ሁለት የሠለጠኑ ወጣቶችን ቢያቀርብ፣ የዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካውን በገበያ ዋጋ ቢሸጥ፣ በሥጋ መፋቂያው ማሽን ሥር አንድ በክዳን የተዘጋ በርሜል ቢቀመጥ ይበቃል። ከዚያ በርሜል የሚወጣው ስብ የመጀመሪያ ገዢ ሳሙና ሠሪው ይሆናል፣ ፈሳሹን ደግሞ የአካባቢው ችግኝ ጣቢያ በትንሽ መደብ ላይ ይሞክረዋል፤ ፋብሪካው ለራሱ ማለስለሻ ክፍል የሚሆነውን ኢንዛይም ከዚያው ከፉርሽካው አጥቦ በመውሰድ ከውጭ የሚገዛውን ከረጢት ቁጥር ይቀንሳል። የበርሜሉ፣ የእንፋሎቱና የወጣቶቹ ደመወዝ ወጪ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ፣ ሲሰበሰብ ከኖረው የወጪ ንግድ ቀረጥ ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብ አግባብ ነው እላለሁ፤ ቀረጡ የተጣለው ስለ ቆዳው ነበርና፣ በርሜሉ ውስጥ ያለውም ያው ቆዳ ነው።